ሐምሌና ነሐሴ

የአገራችን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ጎተራ በሚራቆትበት ወራት ነው። የአምናው እህል አልቋል፤ የዘንድሮው ገና ከመሬት ብቅ ብሎ ዝናብ ይጠጣል፤ እሸት የሚቀመሰው መስከረም ሲጠባ ነው። ገጠር ያደገ ሰው ሐምሌንና ነሐሴን በሆዱ ያውቃቸዋል። እናቴ ከሰኔ ጀምሮ እንጀራውን እያሳሳች፣ ጎመኑን እያበዛች፣ ለዘር የተቀመጠውን ጤፍ እያየች ሳትነካ ክረምቱን ታሻግረን ነበር። አዲስ አበባ ገብቼ፣ መምህርት ሆኜ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ስመደብ ያገኘሁት ያንኑ ወራት ነው። ከተማው ጎተራ የለውም እንጂ ሐምሌ አለው።

ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ዳገቱን ያውቃል። ከአሜሪካ ኤምባሲ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ በግራም በቀኝም የሐበሻ ልብስ የተሰቀለባቸው ሱቆች ተደርድረዋል፤ ከሱቆቹ ጀርባ፣ በጠባቡ መንገድ ገባ ሲባል ደግሞ ሸማኔዎቹ ይኖራሉ። ተማሪዎቼ የሸማኔ ልጆች፣ ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ልጆች፣ የቀን ሠራተኛ ልጆች፣ የልብስ አጣቢ ልጆች፣ የጉሊት ቸርቻሪ ልጆች ነበሩ። ሥራቸውን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁሉንም ዝናብ ያስቆመዋል ወይም ያቀዘቅዘዋል። የቀን ሠራተኛው ጠዋት ሕንፃው ሥር ደርሶ «ዛሬ አንሞላም፣ ነገ ተመለሱ» ይባላል፤ ነገም ይዘንባል። ልብስ የምታጥበዋ በሳምንት ከአራት ቤት ወደ አንድ ቤት ትወርዳለች፤ የማይደርቅ ልብስ ማን ያሳጥባል? ቅጠል የምታወርደዋ መንገዱ ያንሸራትታታል፤ ያወረደችውም እርጥብ ነውና ዋጋው ይወድቃል። ጉሊት ያለችው ቲማቲሟን በላስቲክ ሸፍና ስትጠብቅ ይበሰብስባታል። ጤፍ የሚወደደው ደግሞ በዚያው ሰሞን ነው።

ልጆቹም በዚያው ሰሞን ሙሉ ቀን ቤት ይውላሉ።

የተራበ ልጅ ክፍል ውስጥ አያለቅስም። ይህን ቶሎ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ይቆጣል፤ እርሳሴን ወሰደብኝ፣ ገፋኝ እያለ ከጎኑ ካለው ጋር ይጣላል። ቀጥሎ ውኃ ልጠጣ ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጠጥቶ ይመለስና ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ይጠይቃል። ከአራት ሰዓት በኋላ ከንፈሩ ይነጣል፤ ሰሌዳውን እያየ የማያይ ይሆናል። ከዚያ ዴስኩ ላይ ይተኛል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ምሳ ዕቃውን ይዞ ከሁሉም ቀድሞ ይወጣል። ምሳ ዕቃው ባዶ ነው። ከዛፍ ሥር ወይም ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄዶ ክዳኑን ከፈት አድርጎ ያጎነብስበታል፤ ሰው እየበላ እንዲመስለው። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምሳ ዕቃዋን ከፍቼ እንዳላይ በሁለት እጇ ይዛ ስትንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ከረሀቡ ይልቅ የፈራችው መታወቁን ነው።

ያኔ የከተማው አስተዳደር የትምህርት ቤት ምገባ አልተጀመረም ነበር። በፍሬዓለም ሽባባው የሚመራው የእናት ወግ በጎ አድራጎት ማኅበር በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጣም የተቸገሩ ተማሪዎችን እየመረጠ ይመግብ ነበር። በጎ ሥራ ነው፤ ሆኖም ከመረጡ ያልተመረጠ አለ፤ በእኛ ግቢ ደግሞ ማን ተትቶ ማን ይመረጣል?

በ2011 ክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት እንድንሰጥ ተባለ። ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ ያስተምራሉ፤ እኛ መምህራን እናስተባብራለን። ልጆቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ ጫማቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ሹራባቸው ረጥቦ። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ የምህንድስና ተማሪ ወደ እኔ መጥቶ «ቲቸር፣ የማስተምርበት መንገድ ይሆን እንዴ? ይተኙብኛል» አለኝ፤ ፊቱ ላይ እውነተኛ ጭንቀት ነበር። አብሬው ገባሁ። ስለ ክፍልፋይ ነው የሚያስተምረው፤ ጥሩ አድርጎም ያስተምራል። ከሠላሳው ልጅ ግማሹ እጁ ላይ ተደፍቷል። «ቁርስ የበላችሁ» አልኩ፤ ስድስት እጅ ተነሣ። ከስድስቱ አንዱ ጎረቤቱን አየና መልሶ አወረደው።

የምህንድስና ተማሪው ምንም አላለም። ወጣ ብሎ ከማዶ ካለው ዳቦ ቤት በከረጢት ዳቦ ይዞ ተመለሰ፤ ለራሱ ትራንስፖርት የያዘው ገንዘብ እንደነበር ኋላ ከጓደኞቹ ነው የሰማሁት። አንድ አንድ ዳቦ ደረሳቸው። በማግስቱ ክፍሉ ሞልቶ ልጆች በመስኮት ቆሙ። ያልተመዘገቡም፣ የእኛ ተማሪዎች ያልሆኑም፣ ታናናሽ ወንድሞቻቸውን ያዘሉም መጡ። እኛም መምህራኑ አዋጥተን ጥቂት ቀን ዳቦ ገዛን፤ ከዚያ ኪሳችን አለቀ። ዳቦው ሲቆም መስኮቱ ላይ የነበሩት ሄዱ፤ ከተመዘገቡትም ብዙዎቹ ቀሩ። ወላጆች ለትምህርት ደንታ የላቸውም የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ያን መስኮት ነው የማስታውሰው።

2012 ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ300 ሺህ በላይ ለሆኑ ተማሪዎች ቁርስና ምሳ ማብላት ጀመረ፤ ደብተርና የደንብ ልብስም ታደለ። ማብሰያውን የያዙት የሠፈሩ እናቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ የእኛው ተማሪዎች ወላጆች። መጋቢ እናቶች ይባላሉ። ነጭ ሽርጥ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ገና ሳይነጋ እሳት ያነዳሉ። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ወይም ፍርፍር፣ ወይም ቅንጬ፤ ምሳ እንጀራ በምስር፣ እንጀራ በሽሮ፣ ሩዝ፣ መኮሮኒ። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። አምስት መቶ ልጅ ባንድ ላይ ተቀምጦ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁሉም ስለሚበላ ደግሞ ማንም አይታወቅም፤ ያ ባዶ ምሳ ዕቃ የሚባል ነገር ካገራችን የጠፋ መሰለኝ። ስም ስጠራ የሚቀር ልጅ አጣሁ። የሚያረፍድም አጣሁ። እርስ በርስ መጣላቱ እንኳ ቀነሰ።

ከዳቦው ግማሹን ኪሳቸው የሚከቱ ነበሩ። መጀመሪያ ቆጥበው ማታ ሊበሉት ነው ብለን ነበር፤ ስንጠይቃቸው ቤት ለቀረው ታናሽ ነው። መጋቢ እናቶቹ ይህን ሲያውቁ ሳያዩ የሚያልፉ ሆኑ፤ አንዳንዴም እጅ ላይ ትርፍ ዳቦ ያስቀምጡ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያሰላው ሒሳብ አለ። አንድ ልጅ በቀን ሁለቴ፣ በሳምንት አምስት ቀን ትምህርት ቤት ቢበላ በሳምንት 10 ማዕድ ነው። ሦስት ልጅ የምታስተምር እናት 30 ማዕድ ከትከሻዋ ወረደላት ማለት ነው። እናቲቱ የተረፈላትን ገንዘብ አታስቀምጠውም። ለቤት ኪራይ ታውለዋለች፣ ዕቁብ ትገባበታለች፣ ለጉሊቷ ሽንኩርት ትጨምርበታለች። ኑሮዋ በዚያ ልክ ይዘረጋል። እናም ትምህርት ቤት ሲዘጋ 30ውም ማዕድ ባንድ ሰኞ ይመለስባታል፤ የሚመለስባትም ሥራ በጠፋበት፣ ጤፍ በተወደደበት ወር ነው። ምገባው ባይጀመር ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም፤ እግዚአብሔር አያድርገው። ማለቴ፣ የጀመርነው ነገር ትክክል ስለሆነ ነው መቋረጡ እንዲህ የሚጎዳው።

ክረምቱ ሳይደርስ ነው ምገባው የተቋረጠው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ሰኞ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጋሉ ተባለ። ልጆቹ በደስታ ጮኹ፤ ልጅ ምን ጊዜም እረፍት ሲባል ይጮኻል። መጋቢ እናቶቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። ክፍያቸው የሚታሰበው በሚመግቡት ልጅ ቁጥር ነው፤ ልጅ ከሌለ ክፍያ የለም። አሥራ አምስት ቀኑ ወር ሆነ፤ ወሩ ክረምት ደረሰ፤ ክረምቱም አልፎ 2013 ገባ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት አንድ ረጅም ሐምሌ ነበር።

የተቸገሩትን ቤተሰቦች በር ያንኳኩ ጎረቤቶች ነበሩ። ማዕድ ማጋራት ተብሎ አቅም ያለው አንድ ሁለት ቤተሰብ እንዲይዝ ሲጠየቅ ሽሮ ሜዳ ውስጥ እንኳ፣ ሁሉም በተቸገረበት ሠፈር፣ ዱቄትና ዘይት ይዘው የሚዞሩ ወጣቶች አይቻለሁ። ለፋሲካ ሰሞን ብዙ ተሰጠ። ሐምሌ ሲደርስ የሰጪውም ቤት ተራቆተ።

ነሐሴ ሊገባ ሲል ከገበያው ወረድ ብሎ አስፋልት ዳር አንድ ልጅ የሰው ሚዛን ዘርግቶ፣ ላስቲክ ተከናንቦ ተቀምጦ አገኘሁ። ማስኩ አገጩ ላይ ወርዷል። የእኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በሒሳብ ጎበዝ፣ ሲጠየቅ ከመቀመጫው እየተነሣ የሚመልስ።

«ቲቸር፣ ልመዝንዎ?»

ወጣሁበት። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበልኝ፤ ከፈልኩት። ሚዛኑ የአጎቱ ነው፤ ማታ ገቢውን ያስረክባል።

«እስቲ አንተ ውጣበት» አልኩት።

«እኔ የራሴን አውቀዋለሁ» አለና ወጣ። 21 ኪሎ። አሥር ዓመቱ ነበር። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ሊያጽናናኝ ሞከረ፤ «ሚዛኑን ስጀምር 23 ነበርኩ። ትምህርት ሲከፈት ይመለሳል» አለኝ። እንዲህ ሲል እንደሚያምንበት ያስታውቃል። የሚበላበትን ቦታ የሚያውቀው አንድ ነው፤ እሱም ተዘግቷል፤ ሲከፈት ኪሎው ይመለሳል። ቀላል ሒሳብ ነው ለሱ።

እዚያው ካለች ምግብ ቤት አስገባሁትና ሽሮ አዘዝኩ። እጁን ታጥቦ፣ አማትቦ፣ ቀስ እያለ በላ። የተራበ ልጅ ይስገበገባል የሚሉ ሰዎች የቆየ ረሀብ አላዩም፤ ሆዱ የጠበበ ልጅ ቶሎ አይውጥም። ግማሹ ላይ ሲደርስ ቆመና ለአስተናጋጇ «የቀረው በፌስታል ይቋጠርልኝ» አላት። ለእህቱ ነው። እህቱን አውቃታለሁ፤ እሷ ደግሞ ከእናቷ ጋር በቆሎ ትጠብሳለች፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር ተቀምጣ የሰው በቆሎ ታገላብጣለች፤ የሚበሉት ሳይሸጥ ያደረውን ነው። ከፍ ከፍ ያሉት ወንዶች ሊስትሮ ዕቃ ይዘው ወደ ፒያሳ ወርደዋል፤ ከሆቴል ጓሮ ቡሌ በርካሽ የሚገዙም ነበሩ። አንዱን ሆዱን አሞት ጤና ጣቢያ አገኘሁት።

ከዚያ ፍልሰታ ገባ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው፤ በእኛ ዘንድ ሕፃናት ከሁሉ አስቀድመው የሚጾሙት እሱን ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ነጠላ አጣፍተው ቁስቋም ማርያም ይሄዳሉ፤ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው የሚወጣው፤ እስከዚያ ውኃም አይቀምሱም። እኔም በልጅነቴ ጾሜዋለሁ፤ እወደዋለሁም። የዚያን ዓመት ግን አንዲት እናት ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ «እንኳን ፍልሰታ ገባልን» ስትለኝ ከድምፅዋ ውስጥ እፎይታ ሰማሁ። ገብቶኛል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ልጆቿ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበሉም፤ የማይበሉትም ስለሌለ አይደለም፤ ስለሚጾሙ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «እማዬ፣ ቁርስ» የሚል ልጅ የለባትም። ቅዳሴ ሲወጣ ደግሞ የጠበል ጸዲቅ ዳቦና ቆሎ አይጠፋም። እመቤታችን ይህን ታውቃለች ብዬ አምናለሁ። ሆኖም በፈቃድ የሚጾም ልጅና ሌላ ምርጫ የሌለው ልጅ አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳይ ጸሎቱ አልመጣልኝም።

ከመጋቢ እናቶቹ አንዷ፣ የአራት ልጆች እናት፣ በዚያ ክረምት ያደረጉትን መመስከር አለብኝ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ገቢያቸው ከልጆቹ ምግብ ጋር ቆመ። ከወንድማቸው አገር ቤት የመጣላቸው ባቄላና ስንዴ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ በትልቁ ድስት ንፍሮ ቀቅለው በሩን ይከፍቱት ጀመር። ማንንም አልጠሩም። ልጆቹ ሽታውን ያውቃሉ፤ የሚጨልፈውንም እጅ ያውቃሉ። «እትዬ፣ ለእርስዎስ ልጆች ይተርፋል?» ብላቸው «እነሱም እኮ ከነዚሁ ጋር ተሰልፈዋል፣ አታያቸውም?» አሉኝ። እውነትም ሰልፉ ውስጥ ነበሩ፤ ከፊትም አልቆሙም።

ትምህርት በ2013 በፈረቃ ተከፈተ። ስም ስጠራ የማይመልሱ ነበሩ። ከሴቶቹ ሁለቱ ሰው ቤት ተቀጥረዋል ተባለ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው። ከወንዶቹ አንዱ ሽመና ላይ ቀርቷል፤ ቤቱ ሄጄ አየሁት፤ ክር ያጠነጥናል፤ «የሚበላው አለ፣ ምን ጎደለው» አሉኝ። ባለ ሚዛኑ ልጅ መጥቷል። እህቱም መጥታለች።

ሰኔ ላይ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ስለ ውጤት፣ ስለ ምዝገባ፣ ስለ አጥሩ ጥገና ተናገሩ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት አዛውንት ተነሡ። «ላበላችሁልን እግዜር ይስጥልን» ብለው ጀመሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ልጅ ሐምሌ ሲገባ ሆዱን የት ያስቀምጠው?»

አንዳንዱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ መልስ እየጠበቁ እንደ ቆሙ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ በጀቱ የተያዘው ለትምህርት ቀናት ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዷቸው። ያኔ የሒሳብ መምህራችን እጁን አወጣ፤ ብዙ የሚያነብ ሰው ነው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ድርቅ በገባባቸው አካባቢዎች የትምህርት ቤት ምሳ በእረፍት ወራትም እንዳይቋረጥ አዝዞ እንደነበር ነገረን። እኔም ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ያለችኝን ጨመርኩ፤ በአሜሪካ ትምህርት ሲዘጋ እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በአንዳንድ ቤተ መጻሕፍትና መዝናኛ ማዕከላት በነፃ የሚበላበት ፕሮግራም አለ፤ የማነህ ልጅ፣ ደመወዝ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከ1968 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ.፣ ያለ ነገር ነው። ሀብታም አገር እንኳ ልጆቹ በእረፍት እንደሚራቡ አውቆ ሕግ አውጥቷል። አዛውንቷ ይህን ሁሉ ካዳመጡ በኋላ «ታዲያ እኛስ?» አሉ።

በዚያ ክረምት የማጠናከሪያ ትምህርቱን ከቁርስ ጋር ጀመርነው። መምህራን በየወሩ አዋጣን፤ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት የቻለውን ቀነሰልን፤ ሻይና ስኳሩን ወላጆች ያዙት፤ መጋቢ እናቶቹ ያለ ክፍያ በተራ ገቡ። ቁርስ ብቻ ነበር፣ ምሳ አልቻልንም፤ ያውም ለሁሉም አልደረሰም። ክፍል ውስጥ ግን የሚተኛ አልነበረም። የሒሳብ መምህሩ እያንዳንዱን ወጪ በደብተር ያዘ፤ ስንት ልጅ፣ ስንት ዳቦ፣ ስንት ኪሎ ስኳር፣ ስንት እስር እንጨት።

የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ለሐምሌ የሚጠየቅ ነገር ከዚያ ብዙ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። ስለዚህ ማመልከቻውን ጥር ላይ ጻፍነው፤ የደብተሩን ሒሳብ አያያዝንበት። ማብሰያ ቤቱ አለ፣ ድስቱ አለ፣ እናቶቹ አሉ፤ የምንጠይቀው በሩ በሐምሌና በነሐሴም እንዲከፈት ነው የሚል ነበር። ወላጆች ለመፈረም ሲመጡ አዛውንቷ ወረቀቱ እንዲነበብላቸው ጠየቁ። እስከ መጨረሻው አዳመጡና «ከታናናሾቻቸው ጋር የሚል ጨምሩበት፤ ቤት የሚቀረው ሕፃን በኪስ ዳቦ አያድግም» አሉ።

ጨመርንበት፤ እሳቸውም ፈረሙ።